ይቅርታና ካሳ

አደጋ የደረሰበትን ሰው ሊጠይቅ የሚመጣ አገሬው ሁሉ ገና ከበሩ ሲገባ የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ «እንኳን ነፍስሽን አተረፋት!» ይላል። መልካም ቃል ናት፤ የሚናገራትም ከልቡ ነው። እኔ ግን ወራቱን ከአልጋና ከክራንች ጋር ስገፋ ደጋግሜ ሰምቻት አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ቃሏ ምርቃት ብቻ ሳትሆን መዝጊያም ጭምር ናት። ነፍስ ከተረፈች ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ስለ እግር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ ማንሣት ፈጣሪን እንደ ማማረር ይቆጠራል። «ካሳ» የሚል ቃል ጣል ያደረጉ እንደሆነማ ጠያቂው ዐይኑን ወደ መሬት ይሰብራል፤ ጨዋታው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል።

ይህ እፍረት ከየት እንደ መጣ ሳስብ ግራ ይገባኛል። ካሳ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በየአገሩ ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ሥራው ሁለት ነበር፤ በዳይን ማሳመንና ካሳ መቁረጥ። በኦሮሞ ዘንድ የጉማ ሥርዓት ለፈሰሰ ደም ካሳ ያስከፍላል። በሌላውም አገር «ዕርቅ ደም ያድርቅ» ሲባል ደሙ እንዲሁ በባዶው አይደርቅም ነበር፤ ካሳውና ዕርቁ አብረው ይሄዱ ነበር። ከተሜ ከሆንን ወዲህ ነው ሁለቱን ያፋታናቸው። ይቅርታውን ከተበዳይ እንጠብቃለን፤ ካሳውን ግን ስስት እንለዋለን። እኔ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር የፈጀ የካሳ ጉዳይ ተከታትዬ ያተረፍኩት ትምህርት ይህንኑ ፍቺ የሚመለከት ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ በሳሪስ በኩል፣ በዜብራ ላይ ስሻገር አንድ ሚኒባስ ታክሲ ገጨኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ነበር። የቀኝ እግሬ ቅልጥም ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ በሜትር ለካ፤ ፕላን አነሣ፤ የታርጋውንና የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር መዘገበ። እዚያው መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት ልጅ ስልኳን ለትራፊኩ ሰጠችው። ስሟን እንኳ አላውቀውም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ችሎት ቀርባ ያየችውን ስትመሰክር የግማሽ ቀን ገበያዋን ለእኔ ብላ ዘግታ ነበር የመጣችው። የካሳ ጉዳይ የሚጀምረው ከጠበቃ ቢሮ ሳይሆን እዚያ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ከዚያ ፕላንና ከዚያች ስልክ ቁጥር።

ሆስፒታል ስደርስ ገንዘብ ተቀባዩ መያዣ ጠየቀ። አብራኝ የመጣችው ጓደኛዬ ጋዜጠኛ ነችና አዋጁን ታውቀው ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የአስቸኳይ ሕክምና ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያን ጊዜ ያዝዝ ነበር፤ ሆስፒታሉ ወጪውን ከመድን ሰጪው ያስመልሳል። መኪናው ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ቢሆን እንኳ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። እሷ ይህን ስትናገር ሰውየው ከመስኮቱ ጀርባ ጠፍቶ አንድ ቅጽ ይዞ ተመለሰ። ሁለት ሺህ ብር ብዙ አያስኬድም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ራጁና ማስታገሻው የተገኘው በእሷ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌዎች መጡ። አራት ነበሩ፤ ሙዝና የታሸገ ጭማቂ ይዘው። ሹፌሩ ከኋላቸው፣ ከበሩ ጥግ፣ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ትልቁ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ይህ ልጅ የሦስት ልጆች አባት ነው። ጠላትሽ አይደለም፤ ቀን ጥሎት ነው። እኛ በአባቶቻችን ወግ ልንለምንሽ መጣን» አሉ። አሥራ አምስት ሺህ ብር በፖስታ አስቀመጡ፤ ከፖስታው ጋርም የተጻፈ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ በፍቅር መስማማታችንን፣ ስለዚህ አደጋ ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ የማላነሣ መሆኔን ይናገራል። የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጄሶው ገና አልተፈታም። እግሬ ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አላወቀ። ሲታወቅ እንነጋገር» አልኳቸው። ከዚያም፣ «ባለንብረቱስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባለንብረቱ አልመጡም ነበር። ፖስታው ከእሳቸው ነበር፤ ደሃው ሹፌር ግን ከፊት ተሰልፎ ነበር።

ከሄዱ በኋላ አክስቴ ተቆጣችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ተመልሶ ይሄዳል? ነፍስሽ ተርፋ ሳለ በሰው ልጅ ትጨክኛለሽ?» አለች። በሽማግሌ መሐላ ያደገች ሴት ናትና አልፈረድኩባትም። ግን አልፈረምኩም።

በሰፈራችን ያለ አንድ ጠበቃ የወረቀቱን ግልባጭ አንብቦ የነገረኝን እዚህ ላይ ላስፍረው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነውና። የዕርቅ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንደ ዋዛ ወረቀት አይታይም፤ በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ሆኖ ይጸናል። ዛሬ በአሥራ አምስት ሺህ ብር ፈርሞ ነገ እግሩ ሳይዘረጋ የቀረ ሰው «አላወቅሁም ነበር» ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ሽማግሌን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ጉዳቱ ሳይለይ «ወደፊት ምንም አልጠይቅም» ብሎ መፈረም ሌላ ነገር ነው።

ሹፌሩ በሁለተኛው ወር ብቻውን መጣ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ፖስታ። ክፍሌ ውስጥ ወንበር ላይ ጫፍ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ፍሬኑ ከነሐሴ ጀምሮ አልያዝ እያለ ነበር። ለባለንብረቱ ነግሬያቸው ‹ለመስቀል እናሠራዋለን› አሉኝ። የዕለት ገቢ ካላስገባሁ ደግሞ መኪናውን ይነጥቁኛል» አለኝ። ይህን ለፍርድ ቤት ሊናገር እንደማይችልም አከለ፤ እንጀራው ነው። በዚያ ቀን ይቅር አልኩት። ይቅርታዬ ወረቀት አልጠየቀም፤ ምስክርም አላስፈለገውም። ይቅር ማለት ማለት ግን የፍሬኑን ሒሳብ እኔ በእግሬ ልክፈል ማለት አይደለም።

የሕጉን ጥበብ የተረዳሁት ከዚህ ጭውውት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርጋል። የሚያሽከረክረው ማንም ይሁን ማን፣ ባለንብረቱ አጥፍቷል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። መኪናው ተሰርቆ ካልነበረ ወይም ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ ካልሆነ በቀር ባለንብረቱ ይጠየቃል። ከመኪናው ትርፍ የሚያገኘው፣ ፍሬኑ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነውና ሸክሙም የእሱ ነው። የሹፌሩ ምስክርነት እንዲህ ባለው ክስ አላስፈለገኝም። ጠበቃዬም በእኔ ፈቃድ ሹፌሩን ሳይጨምር ባለንብረቱንና መድን ሰጪውን ብቻ ከሰሰ። የወንጀሉን ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ በራሱ መንገድ ይዞት ሄደ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ካሳውንም ከወንጀሉ ጋር አጣምሮ መጠየቅ ይፈቅዳል፤ የእኔ የሕክምና ውጤት ገና ስላልተሟላ ግን ለይተን ማቅረቡን መረጥን። ለዚህ ያለው ጊዜ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል፤ በክራንች ለሚቆጥረው ግን እንዲህ ነው እንዲያ ነው ሲባል ያልቃል።

የካሳ ሥራ ከሞላ ጎደል የወረቀት ሥራ ነው። አንድ ትልቅ ካኪ ፖስታ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬ የራጁን፣ የመድኃኒቱን፣ ለእግሬ የገባውን ብረት፣ የኮንትራት ታክሲውን ደረሰኝ ሁሉ እዚያ እከት ነበር። ደረሰኝ የማይሰጥም ሞልቷል። አክስቴ ጄሶው ከተፈታ በኋላ ያመጣችልኝ ወጌሻ እጃቸው ተአምር ነበር፤ ጣቶቼን ያንቀሳቀስኩት በእሳቸው መታሸት ነው። ግን ወጌሻ ደረሰኝ አይቆርጥም። እያጠበችና እያበሰለች ስትረዳኝ ለከረመችው የጎረቤት ልጅም በየወሩ የምሰጣት ገንዘብ ፊርማ የለውም። በጠቅላላው 51,000 ብር አወጣሁ፤ በሰነድ ያስረዳሁት 38,400 ብር ነው። የቀረው በእኛ አገር ኑሮ ውስጥ እውነት ሆኖ በመዝገብ ውስጥ ግን የሌለ ገንዘብ ነው።

ከዚያ የሐኪሞች ቦርድ አለ። ሦስት ሐኪሞች አስተኝተው፣ አስቁመው፣ አስረግጠው አይተው ቋሚ የአካል ጉዳቴን ከመቶ 12 አሉት። ብረቱም ወደፊት በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ጻፉ። ይህች ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ገንዘብ ነበረች፤ ሕጉ ገና ያልደረሰ ነገር ግን መድረሱ የማይቀር ጉዳትም አስቀድሞ ይካሳል ይላልና። ተጎጂ የሆነ ሰው ሐኪሙን «ወደፊትስ ምን ይጠብቀኛል? እባክዎ ይጻፉልኝ» ማለትን አይርሳ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ መጣን። እኔ ስንት አወጣለሁ? ሕጉ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። በችሎት የተለመደው ስሌት ደግሞ ግልጽ ነው፤ የወር ገቢ በአሥራ ሁለት ይባዛል፤ እስከ ስድሳ ዓመት በቀረው ዕድሜ ይባዛል፤ ከዚያ የጉዳቱ መቶኛ ይወሰዳል። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። እኔ ግን በየመጽሔቱና በየሬዲዮው የምጽፍ፣ ክፍያዬን በአዘጋጁ ደብተር ላይ ፈርሜ የምወስድ ሰው ነኝ። አንዱ አዘጋጅ በደስታ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሌላው የግብር ነገር አስፈርቶት «ተዪኝ እህቴ» አለኝ። የወር ገቢዬን 6,000 ብር ብዬ ጠየቅሁ፤ በእጄ ያለው ሰነድ የሚያሳየው ግማሹን ነበር።

የመድን ሰጪው ጠበቃ ተነሥተው፣ «ከሳሽ ቋሚ ሥራ የላትም። ቢኖራትም ጽሑፍ በእጅ እንጂ በእግር አይጻፍም» አሉ። በችሎቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። እኔም ሊያስቀኝ ዳድቶኝ ነበር። ዳኛዋ ወደ እኔ ሲያዩ፣ የታተሙ ጽሑፎቼን አንድ በአንድ አሳየሁ፤ ስለ መርካቶ ተሸካሚዎች የጻፍኩት፣ ስለ ሾላ ገበያ ቅቤ ነጋዴዎች የጻፍኩት፣ ስለ እንጦጦ እንጨት ለቃሚ እናቶች የጻፍኩት። «ክብርት ሆይ፣ እነዚህ ሁሉ በእግር የተጻፉ ናቸው» አልኩ። ከአደጋው በኋላ ባሉት አሥራ አራት ወራት አንድም እንዲህ ያለ ጽሑፍ አላወጣሁም ነበር፤ ዳኛዋም ይህን መዝግበው ያዙት።

ስለ ጣሪያዎቹም ላውራ። የእኔ ጉዳይ የተዳኘበት ያ የ2005 ዓ.ም. አዋጅ የመድን ሰጪውን ግዴታ ሲወስን፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለሞት ከ5,000 ብር ያላነሰ ከ40,000 ብር ያልበለጠ፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ብሎ ነበር። ያ ሚኒባስ እኔን ትቶ የቆመ መኪና ቢገጭ ኖሮ፣ ለመኪናው የተፈቀደው ጣሪያ ለእግሬ ከተፈቀደው በእጥፍ ከመንፈቅ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ በጊዜ የሚሻሻል ስለሆነ ጉዳይ ያለው ሰው የዕለቱን ይጠይቅ። ከጣሪያው በላይ ያለው ግን አይጠፋም፤ ከባለንብረቱ ይጠየቃል። «መድን የከፈለው በቂ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደው ብዙ ሰው ይህን የነገረው የለም።

ሌላም ጣሪያ አለ። የ1952ቱ ሕግ ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሥቃዩና ለሐዘኑ፣ የሚቆረጠው ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ያኔ አንድ ሺህ ብር 400 ያህል የአሜሪካ ዶላር ነበርና የሚናቅ አልነበረም። ዘመኑ ሄዶ ቁጥሩ እዚያው ቀረ። የሚገርመው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ ለተጣሰበት የሥራ አመንጪ የሚከፈለው የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ መደንገጉ ነው። ይህን ጽሑፌን ሰው ሰርቆ በስሙ ቢያሳትመው ሕጉ ለሐዘኔ ከመቶ ሺህ ይጀምራል፤ እግሬን ቢሰብረው በአንድ ሺህ ያበቃል። ጽሑፌን እወደዋለሁ። ግን የጻፈው ይኸው አካል ነው።

ክሱን በ2011 ዓ.ም. ሰኔ አቀረብን። የዳኝነቱ ክፍያ በተጠየቀው ገንዘብ መጠን የሚወሰን ነው፤ አቅም የሌለው በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል። እኔ ማመልከቻውን ሳዘጋጅ አክስቴ ገባችና የዕቁብ ዕጣዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሽማግሌ ማስመለስ አልወድም። አንቺ ስታነክሺ ማየትም አልወድም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ ምንም አላለችኝም።

ቀጠሮው ብዙ ነበር። አንድ ጊዜ መልስ ሰጪ አልደረሰውም፤ አንድ ጊዜ ዳኛ ተቀየረ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ በኮሮና ምክንያት ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ መዝገቤ ከሌላው ጋር ተኛ። ፍርዱ የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. ጥር ነው። የወር ገቢዬ 3,000 ብር ተብሎ ተያዘ። በሃያ ሰባት ዓመትና በ12 ከመቶ ሲሰላ 116,640 ብር ይመጣል፤ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል ተብሎ በርትዕ ወደ 90,000 ብር ዝቅ አለ። የሕክምናው 38,400፣ ብረቱን ለማስወጣት 15,000፣ የኅሊናው 1,000፤ ድምሩ 144,400 ብር። ከዚህ 40,000ውን መድን ሰጪው፣ 104,400ውን ባለንብረቱ። የጠየቅሁት ከ287,000 ብር በላይ ነበርና ግማሹን አገኘሁ ማለት ነው። ለአሥራ አምስት ሺህ ብር ልፈርምለት የነበረው ወረቀት ግን ዘጠኝ ጊዜ ተኩል ያህል ያነሰ ነበር።

ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መድን ሰጪው በወሩ ከፈለ። ባለንብረቱ ግን የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶ ሚኒባሱ እንዳይሸጥ እስኪታገድ ድረስ አልመጡም። ሲመጡ በደረጃው ላይ ተገናኘን። ሽበታም፣ ትሑት የሚመስሉ ሰው ናቸው። ክራንቼን አዩና፣ «እንደምን ነሽ ልጄ?» አሉ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «በዚህ ብር ስንት ጊዜ የፍሬን ሸራ ባስቀየርኩበት» አሉ። አልመለስኩላቸውም፤ ምክንያቱም ያሉት ትክክል ነበር። በአምስት ጊዜ ከፍለው በሰኔ ጨረሱ። እሳቸውንም ይቅር ብያለሁ፤ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ ይቅርታው ሳይከብደኝ ወጣ።

ሹፌሩ ዛሬ የሌላ ሰው መኪና ይዟል። ለትንሣኤ ይደውልልኛል። በመጨረሻ የደወለ ጊዜ አዲሱን አሠሪውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን እንዳሠራው ነገረኝ። «ባያሠሩት አልይዝም አልኳቸው፤ የእርስዎ እንጂ የእኔ ዕዳ አይደለም ብዬ አስረዳኋቸው» አለ። ሕግ ተምሮ አይደለም፤ የእኔን መዝገብ ውጤት ሰምቶ ነው። ሽማግሌዎቹ የያዙት ወረቀት ያን ቀን ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚነግራቸው አፍ ባልኖረው።

እኔም ልማድ አውጥቻለሁ። ዘመድ ወይም ጎረቤት አደጋ ደረሰበት ሲሉኝ ብርቱካንና አንድ ባዶ ካኪ ፖስታ ይዤ እሄዳለሁ። ብርቱካኑ ለበሽተኛው ነው። ፖስታውን ለአስታማሚው እሰጥና፣ «ደረሰኝ ሁሉ እዚህ ይግባ፤ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የመጣ ካለ ደግሞ ሻይ አቅርቡለት፣ ፊርማውን ግን አቆዩት» እላለሁ።